የፊት ፍሬን ሸራ ራስህ ስትቀይር፦ አሮጌውን ሳታነበው አትጣለው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የ2012 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ አለው፤ ደብል ጋቢና፣ 4 በ 4። የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በየሳምንቱ ጭነት ይዞ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ፍሬን ሲይዝ ከፊት በኩል መጮህ ከጀመረ ሰንብቷል። ጋራዥ ሲያሳይ የግራው ጎማ የውስጠኛው ሸራ ብረት ሊነካ ደርሷል፣ የቀሩት ግን ገና ግማሽ ላይ ናቸው አሉት። ሸራውን ያስቀየረው ከ8 ወር በፊት ነው። «ሁልጊዜ የእጅ ዋጋ ከምከፍል ከልጄ ጋር ሆኜ ግቢዬ ውስጥ ብቀይረው ምን ችግር አለው?» ይላል።

ችግር የለውም ወንድሜ፣ ቀይረው። በዚህ መኪና ላይ የፊት ሸራ መቀየር ሰው ቤቱ ሊሠራቸው ከሚችላቸው ሥራዎች ቀላል ከሚባሉት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከፊት ያሉት ሸራዎች 4 ናቸው፤ በየጎማው 2 ሆነው ዲስኩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ይጨብጡታል። ከ4ቱ አንዱ ብቻ ቀድሞ ማለቅ የለበትም። ጋራዡ «አልቋል፣ ቀይረው» ብሎ ካለፈው ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። አዲስ ሸራ ብታስገባም ያው የግራው ውስጠኛ መልሶ ያልቃል። ስለዚህ አቀያየሩን እነግርሃለሁ፤ በየመሃሉ ግን ቆም እያልን አሮጌው ሸራ ምን እንደሚል እናያለን።

መኪናውን ከመፍታትህ በፊት አንድ ሙከራ አድርግ። ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዳ። ፍሬን በተቻለ መጠን አትንካ። ስትቆምም ነዳጁን ለቀህ በራሱ ዝግ ብሎ እንዲቆም አድርግ። ወርደህ መዳፍህን ወደ ግራው ቸርኬ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኙ አስጠጋ። አትንካው፣ አስጠጋ ብቻ። ግራው ከቀኙ በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ፣ ፍሬን ሳትይዝም የግራው ሸራ ዲስኩን እየላሰ ነው። ይህን መረጃ ያዝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀኑን ምረጥ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብትጀምር ጥሩ ነው። ሱቅ ክፍት ነው፤ የጎደለ ነገር ቢኖር ልጁ ሮጦ ያመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እሑድ ማታ ጀምሮ ሰኞ ጠዋት የጣርማ በርን ቁልቁለት ሊወርድ ያሰበ ሰው ይቸኩላል፤ ፍሬን ደግሞ ችኮላ አይወድም።

ሸራውን ስትገዛ አሮጌውን ወይም የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዘህ ሂድ። «የሃይሉክስ ስጠኝ» ብቻ አይበቃም። የ4 በ 4ቱ እና የተራው 2 ጎማ ነጂ ሃይሉክስ የፊት ፍሬን አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አያታልልህ፤ ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። ሸራውን አውጣና ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን መስመር ጥፍርህን አሂድበት። ጥፍርህ የሚገባበት ክፍተት ካለ መልስለት። ጠርዙ የሚፈረፈር፣ ጣትህን በጥቁር ዱቄት የሚያለብስ ከሆነም ተወው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመህ ውፍረታቸው እኩል መሆኑን እይ። አሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ አስለጥፍልሃለሁ የሚል ቢመጣም፣ ከፊት ለሚሆን ፍሬን እሺ አትበል። መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይደፋል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት የፊቶቹ ናቸው። አንድ የተገነጠለ ሸራ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርግ ላንተ አልነግርህም፤ መንገዱን ታውቀዋለህ። ሸራ ደግሞ ሁልጊዜ ግራና ቀኝ አብሮ ነው የሚቀየረው። የቀኙ ግማሽ ላይ ቢሆንም 4ቱንም ቀይር፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይስብሃል።

አሁን ወደ ማንሳቱ። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። አፈር ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፍ። የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ማርሽ አስገባ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግባቸው። የጎማውን 6 ብሎኖች መኪናው መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ብቻ አላላቸው። መፍቻው 21 ነው። ከዚያ በክሪክ አንሳና ሻንሲው ሥር መቆሚያ ብረት አስገብተህ መኪናውን እሱ ላይ አሳርፈው። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ድንጋይና ብሎኬት ደርድሬ አቆመዋለሁ ብለህ እንዳታስብ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰነጠቀው። መቆሚያ ከሌለህ ተዋስ፣ ካጣህ ሥራውን አትጀምር። የወለቀውን ጎማም ከሻንሲው ሥር አጋድመው። መቆሚያው ቢንሸራተት መኪናው ጎማው ላይ ይቀመጣል፣ አንተ ላይ አይደለም። ይህን ለልጅህም አሳየው።

መሪውን ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን የያዘው ብረት፣ ወደ ውጭ በሚወጣልህ በኩል አዙረው፤ ለእጅ ይመቻል። ጥቁር አቧራ ታያለህ። በአፍህ አትንፋው፣ በኮምፕረሰር አየርም አትበትነው። ርካሽ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚጎዳው። በጋራዥ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን አቧራ ለዓመታት ስንነፋው ኖረናል። አንተ ግን በኦሞ ውሃ እርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ቤንዚንና ናፍጣም አታስጠጋ። ቆሻሻ ማስለቀቁን ያስለቅቃሉ፤ ግን ካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት፣ ያሳብጡታል። ያበጠ ጎሚኒ ፒስቶኑን፣ ማለትም በዘይት ተገፍቶ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ብረት፣ አንቆ ይይዛል። ምናልባት ያንተም ችግር ከዚሁ የጀመረ ሊሆን ይችላል።

በ4 በ 4 ሃይሉክስህ ላይ ካሊፐሩን መፍታት አያስፈልግህም። ትልቁ እፎይታ ይህ ነው። ካሊፐሩ በቦታው የተተከለ ነው፤ በውስጥ በኩል 2፣ በውጭ በኩል 2፣ በድምሩ 4 ፒስቶን አለው። ሸራዎቹን የያዟቸው 2 ቀጫጭን ፒኖች ናቸው። ፒኖቹን ደግሞ ቀጭን የሽቦ ክሊፕ ይቆልፋቸዋል። ከላያቸው ሸራው እንዳይንቀጫቀጭ የሚጫን ስፕሪንግ አለ። ከመንካትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው። ከዚያ ክሊፑን በፒንሳ ሳብ። ስፕሪንጉን በአንድ መዳፍ ሸፍነህ ያዝ፣ በሌላው ፒኑን አውጣ። ስፕሪንጉ ተወጥሮ ስለሆነ ያለው፣ ካልያዝከው ወደ ዓይን ነው የሚዘለው። ፒኑ ዝጎ እምቢ ካለ ዝገት ማስለቀቂያ ቀባው፤ ዲስኩ ላይ እንዳይፈስ ግን በጨርቅ ሸፍን። ትንሽ ቆይተህ በቀጭን ብረትና በመዶሻ ቀስ አድርገህ ምታው።

ፒኑ ራሱ የሚነግርህ አለ። በጣትህ ዳብሰው። መሃሉ ላይ ሸራው የቆፈረው ጎድጓዳ ካለ፣ ሸራው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ተይዞ ወደ ኋላ መመለስ ከብዶታል። የተቆፈረን ፒን ቀይረው፣ ዋጋው ቀላል ነው። ዝገት ብቻ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳው።

አሁን ልብ በል። ሁለቱን ሸራዎች በአንድ ጊዜ አታውጣ። አንዱን ብቻ አውጣ። ምክንያቱም 4ቱ ፒስቶኖች በአንድ ዘይት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ወገን ስትገፋ ሌላው ወገን ወደ ውጭ ይወጣል። በዚያኛው ወገን ያለው ሸራ በቦታው ካለ ግን ይይዘዋል። ስለዚህ ከውጭኛው ጀምር፦ አውጣ፣ ፒስቶኖቹን መልስ፣ አዲሱን አስገባ፤ ቀጥሎ ወደ ውስጠኛው እለፍ።

ፒስቶን ከመግፋትህ በፊት ኮፈኑን ክፈትና የፍሬን ዘይቱን እቃ እይ። ፒስቶኑ ሲመለስ ዘይቱ ወደ እቃው ተመልሶ ይወጣል። እስከ አፉ ሞልቶ ከሆነ በንጹሕ ሲሪንጅ ትንሽ ቅዳለት። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጠዋል፣ ቶሎ በውሃ እጠበው። ይህን እቃ የመጠበቅ ሥራ ለልጅህ ስጠው፤ «ሞላ» ሲልህ ታቆማለህ።

የፒስቶኖቹን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። ከዚያ አሮጌውን ሸራ እዚያው መልሰህ አስገባውና በእሱና በዲስኩ መካከል ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብተህ ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ግፋ። አሮጌው ሸራ ለሥራ ስለማይመለስ ቢጫር ግድ የለም። ፒስቶኑን ራሱን ግን በብረት አትንካው። ጤነኛ ፒስቶን ሲገፉት ዝግ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ እኩል ይገባል። የተያዘው አንተን ያስጨንቃል። ወይ ንቅንቅ አይልም፣ ወይ ዘልሎ ዘልሎ ይገባል። አንዱ ቶሎ ገብቶ ሌላው ከቀረ፣ የቀረውን ምልክት አድርግበት። ዙሪያውን ያለችውን ቀጭን የአቧራ መከላከያ ጎማም እያት። ከተቀደደች ውሃና ጭቃ ገብቶ ፒስቶኑ ዝጓል።

እዚህ ላይ አሮጌዎቹን ሸራዎች እናንብብ። 4ቱንም በነበሩበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድራቸው፦ ግራ ውጭ፣ ግራ ውስጥ፣ ቀኝ ውስጥ፣ ቀኝ ውጭ። በአንድ ጎማ ላይ ሁለቱም ሸራዎች እኩል አልቀው፣ የሌላኛው ጎማ ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ጥርጣሬዬ ወደ ጎማው የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ያረጀ እንደሆነ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። ያንተ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ጎማ ላይ አንዱ ሸራ ብቻ ነው ያለቀው። ይህ ወይ የውስጠኛው ፒስቶን ወይም ሸራው ራሱ ወደ ኋላ አልመለስ ብሎ ነው፣ አለዚያም የውጭኛው ፒስቶን አልገፋ ብሎ ሥራው ሁሉ የውስጠኛው ላይ ወድቆ ነው። ጠዋት ያደረግከው የሙቀት ሙከራ የሚለያቸው እዚህ ላይ ነው። ግራው ይሞቅ ከነበረ የመጀመሪያው ነው። ግራና ቀኝ እኩል ከነበሩ፣ ውጭኛዎቹን ፒስቶኖች ጠርጥር። የሸራው አንዱ ጫፍ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ደግሞ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ፒስቶኖች አንዱ ብቻ እየሠራ ነው። ፊቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከልክ በላይ ሞቋል፤ የዚህ ምክንያት አነዳድ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ፒስቶን ተይዞ ካገኘህ እውነቱን ልንገርህ፤ ያ የግቢ ሥራ አይደለም። ካሊፐሩ ተፈቶ፣ ፒስቶኑ ወጥቶ፣ ጎሚኒው ተቀይሮ፣ አየር ይወጣለታል። አዲሱን ሸራ አስገብተህ ዝጋና ቀስ ብለህ ወደ ጋራዥ ውሰደው። እዚያ ስትደርስ «ፍሬን እዩልኝ» አትበል። «የግራው ካሊፐር የውስጠኛው ፒስቶን አይመለስም፤ ጎሚኒ ቀይሩልኝ፣ ዘይቱንም ለውጡ» በላቸው። እንዲህ ብሎ የመጣን ሰው ማንም በሸራ ብቻ አይሸኘውም። እስከዚያ ድረስ ሸዋ ሮቢት አትውረድ።

ዲስኩንም ሳታይ አትለፍ። ጥፍርህን ከመሃል ወደ ጠርዝ አሂደው። ጥቃቅን መስመር ችግር የለውም። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የሚሄድ ስንጥቅ ወይም ሰማያዊ የሙቀት ነጠብጣብ ካለ ግን እንዲሁ አትለፈው፤ የተሰነጠቀ ዲስክ ይቀየራል እንጂ አይላጥም። የዲስኩ ትንሹ የተፈቀደ ውፍረት ዲስኩ ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የሚቻለው ከተላጠም በኋላ ከዚያ ልክ በላይ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው። ፍሬን ስትይዝ መሪው እጅህ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከነበረ ደግሞ፣ ነገሩ ዲስኩ ነው እንጂ ሸራው አይደለም።

አዲሱን ስታስገባ የሸራው ብረት የሚንሸራተትባቸውን ጠርዞች ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ በስሱ ቀባ። በስሱ ማለቴ ጣትህ ላይ ቀለም የምትሰጥ ያህል ነው። ተራ ግሪስ በሙቀት ቀልጦ ይፈሳል። የሸራው ፊትና ዲስኩ ላይ ምንም ቅባት እንዳይደርስ። የምትጮኸው ቀጭን ብረት፣ ማለትም ማለቁን የምታስጠነቅቀው፣ አሮጌው ላይ በነበረችበት በኩል ትሁን። ፒኖቹ፣ ስፕሪንጉ፣ ክሊፑ። ፎቶህን አውጥተህ አመሳክር። ጎማውን ግጠም፣ ብሎኖቹን በተቃራኒ በተቃራኒ አጥብቅ። መኪናው መሬት ሲነካ የመጨረሻውን አጥብቅ፤ የማጥበቂያ መለኪያ ካለህ 105 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ሌላው ጎማ።

ይህን እያነበባችሁ ያላችሁ የዲማክስ፣ የኤል 200 ወይም የሬንጀር ባለቤቶች፣ የእናንተ ካሊፐር ተንሸራታች ነው። የታችኛው ብሎን ተፈትቶ ካሊፐሩ ወደ ላይ ይታጠፋል። የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች በእጅ ሲገፉ ወዲህ ወዲያ ካላሉ፣ የእናንተም ሸራ በአንድ ወገን ነው የሚያልቀው። ካሊፐሩን በቱቦው አታንጠልጥሉት፤ በሽቦ እሰሩት።

ወደ አንተ ልመለስ። ሁለቱም ጎማ አልቋል፣ እጅህን ታጥበሃል። ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጥና ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ። መጀመሪያ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ፒስቶኖቹን ወደ ኋላ ስለገፋናቸው ከሸራው ርቀዋል፤ እስኪደርሱ ድረስ ፍሬን የለህም። ስትደጋግመው ወደ ላይ ይወጣና ይጠነክራል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እኔ ይህን ዘለልኩት። ጨርሻለሁ ብዬ አስነስቼ ከግቢ ላወጣ ወደ ኋላ ለቀቅኩት። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር፣ መኪናው ግን አልቆመም። የጎረቤት አጥር ነው ያቆመው። ከአንድ ደቂቃ በፊት እዚያ ልጆች ነበሩ። እስከ ዛሬ የተሠራ መኪና ቁልፍ ለማንም ከመስጠቴ በፊት ፔዳሉን በራሴ እግር እረግጣለሁ።

ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚል ከሆነ አየር አለ፤ አትንዳው። ጠንካራ ከሆነ ዘይቱን እይ፣ ከጎደለ ጨምር። ዓይነቱ ዶት 3 ነው፤ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም። ውሃ ሲስብ ግን እስከ 140 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ፍሬን አይገፋም። በ2 ዓመት አንዴ መለወጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ከዚያ ጭር ያለ ሜዳ መንገድ ፈልግ። ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ዝቅ እስክትል ለስለስ አድርገህ ያዝ። ሙሉ በሙሉ አትቁም። ትንሽ ነድተህ አብርደው፣ ድገመው። 10 ጊዜ ያህል። አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው። ፍሬኑን አስጨንቀህ ወዲያው ብታቆመው የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል። የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ጭነት ቀንስ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ የጎማውን ብሎኖች እንደገና አጥብቅ።

የ8 ወሩን ነገር ፒስቶኑ ብቻውን ላያመጣው ይችላል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት በየሳምንቱ ጭነት ይዘህ ትወርዳለህ። ያ ሁሉ ክብደት ሞተሩ ካልያዘው ወደ ሸራው ነው የሚሄደው፣ በሙቀት መልክ። የሸራው ፊት አብለጭልጮ ካገኘኸው ይህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ፤ በ3ኛ፣ ሲበዛም በ2ኛ ውረድ። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝና ፍጥነቱን ቀንስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቀው። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ እስከ ደብረ ሲና መውረድ ሸራም ዘይትም ይጨርሳል። ገለልተኛ ላይ አድርጎ ነዳጅ መቆጠብ ደግሞ ፈጽሞ እንዳታስበው።

ሌላም ነገር ላንሳ። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በአየር ግፊት ልዩነት የሚሠራው የፍሬን ሰርቮ ከቆላው ያነሰ ያግዝሃል። ከላይ ፔዳሉ ትንሽ ጠንከር ያለ እግር ቢፈልግ የአዲሱ ሸራ ጥፋት እንዳይመስልህ።

አሮጌዎቹን 4 ሸራዎች ላስቲክ ውስጥ አድርገህ፣ ቦታቸውን ጽፈህ አስቀምጣቸው። ከአንድ ወር በኋላ የግራውን ጎማ አውርድና የውስጠኛውንና የውጭኛውን አዲስ ሸራ ውፍረት አወዳድር። እኩል ከሆኑ ነገሩ አልቋል። የውስጠኛው ቀድሞ እየሳሳ ከሆነ፣ አሮጌዎቹን ይዘህ ጋራዥ ሂድና ጎን ለጎን አድርገህ አሳያቸው።